ሮካቢሊ፣ ብሉዝና ሰርፍ በአንድ አልበም
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሐዋሳ የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአንድ ነገር ዙሪያ የሚሽከረከሩ ሆነው አገኘኋቸው። ስለ ጊታር፣ ስለ ብሉዝና ስለ ድሮ ሮክ ነው የሚጠይቁት። ረጅሙን ጥያቄ አስቀድሜያለሁ። ሌሎቹም እሱን ተከትለው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጊታር በራሴ እየተማርኩ ነው። ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣ አጎቴ የአንድ ሮካቢሊ ሙዚቀኛ አልበም በፍላሽ ሰጠኝ። ፋይሎቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የመጀመሪያው ዘፈን እየጋለበ የሚሄድ ነው። ሦስተኛው ቀስ ያለ ብሉዝ ነው። አምስተኛው ላይ ድምፃዊ የለም፤ ጊታሩ ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ይሮጣል። አጎቴ «እሱ ሰርፍ ነው» አለኝ። የዶርም ጓደኞቼ ግን «ይሄ ሰውዬ ምን መጫወት እንደፈለገ እሱም አያውቅ» ይላሉ። እኔ ወድጄዋለሁ። እውነት ዝብርቅርቅ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሦስቱ ሙዚቃዎች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ዝምድናቸውን ካወቅክ ደግሞ አልበሙን ከበፊቱ የበለጠ ትወደዋለህ።

ሮካቢሊ፣ ማለትም የገጠር ዘፈንና ብሉዝ የተቀላቀሉበት የድሮ ሮክ፣ ከየት እንደተነሣ ልንገርህ። ጁላይ 5 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. ነው። ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ሰን በሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ሦስት ሰዎች ተሰብስበዋል። የ19 ዓመቱ ኤልቪስ ፕሪስሊ፣ ጊታሪስቱ ስኮቲ ሙርና ደብል ቤዝ የሚጫወተው ቢል ብላክ። ድራም የለም። ቀረጻውን የያዘው የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ነው። ቀስ ያሉ ዘፈኖችን ሞካከሩ፤ የረባ ነገር አልወጣም። ዕረፍት ላይ እያሉ ኤልቪስ አንድ የቆየ ብሉዝ አንሥቶ እየዘለለ መዝፈን ጀመረ። አርተር ክሩደፕ የተባለ የሚሲሲፒ ጥቁር ሙዚቀኛ በ1946 ያስቀረጸው ዘፈን ነው። ሁለቱም መሣሪያቸውን አንሥተው ገቡበት። ፊሊፕስ ይህን ሲሰማ ከመጀመሪያው እንዲደግሙት ነገራቸውና ቀረጸው።

ለዚያ ሸክላ ጀርባ የመረጡት ደግሞ የቢል ሞንሮን የገጠር ዘፈን ነው። ሞንሮ የኬንታኪ ሰው ነው። ዘፈኑም መጀመሪያ በሦስት ምት ቀስ ብሎ የሚሄድ ቫልስ ነበር። እነሱ አፍጥነው አስጋለቡት። እንግዲህ ልብ በል፤ ብዙ ሰው የሮካቢሊ መነሻ በሚለው ሸክላ በአንዱ ፊት የጥቁሮቹ ብሉዝ አለ፣ በሌላው ፊት የነጮቹ የገጠር ዘፈን። ስለዚህ አንተ አልበም ላይ ያለው ሦስተኛው ዘፈን እንግዳ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ነው። እኔ እንዲያውም አንድም ብሉዝ የሌለበት የሮካቢሊ አልበም ስሰማ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

ሰርፉ ትንሽ ራቅ ይላል፤ መንገዱን ግን ጊታሪስቶች ናቸው የጠረጉት። በ1958 ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ሊንክ ሬይ የተባለ ሰው ድምፁ እንዲሻክርለት ብሎ የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በእርሳስ ጫፍ በሳሳው። በዚያ ድምፅ የሠራው ሙዚቃ አንድም ቃል የለበትም። ያም ሆኖ ጠብ ያነሣሣል ተብሎ አንዳንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች አናጫውትም አሉ። ያለ ግጥም የሚያስፈራ ሙዚቃ ማለት ይሄ ነው! ሁለተኛ፣ ፊኒክስ አሪዞና ውስጥ ዱዌን ኤዲ የሚባል ወጣት ዜማውን በወፍራሞቹ ክሮች ይጫወት ጀመር። ስቱዲዮው ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ የኢኮ ክፍል አልነበረውም። ፕሮዲዩሰሩ ሊ ሄዝልዉድ ምን አደረገ? 2,000 ጋሎን፣ ወደ 7,500 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባዶ የውሃ ታንከር ገዛ። በአንዱ ጫፍ ስፒከር፣ በሌላው ማይክ አስገባበት። የጊታሩ ድምፅ በታንከሩ ውስጥ ዞሮ ይመጣል። ሐዋሳ ውስጥ በየጣሪያው ላይ ሮቶ የተደረደረበት ሰፈር ሳልፍ ይሄ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ገንዘብ የሌለው ሰው ድምፅ ፍለጋ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል።

ቀጥሎ ጊታሪስቱ ዲክ ዴል መጣ። ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ባልቦአ በሚባል የባሕር ዳርቻ ሠፈር ትልቅ የዳንስ አዳራሽ ነበር። በ1961 ዴል እዚያ ሲጫወት አዳራሹ የሚሞላው ቀን ቀን በጣውላ ማዕበል ሲጋልቡ በዋሉ ወጣቶች ነው፤ ሰርፍ የሚባለውም ይሄው ግልቢያ ነው። እሱም ራሱ ጋላቢ ነበር። ማዕበሉ ላይ የሚሰማውን ጉልበት ጊታሩ ላይ ፈለገው። ፒኩን ወደ ላይና ወደ ታች ሳያቋርጥ በፍጥነት እየመታ፣ ክሩን ወፍራም አድርጎ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ። አምፕሊፋየሮቹ እየተቃጠሉ ሲያስቸግሩ የጊታርና የአምፕሊፋየር ሠሪው ሊዮ ፌንደር ጉልበታም የሆነ ሠራለት። የዴል አባት የሊባኖስ ሰው ነው። አጎቱ ዑድ ሲጫወት እያየ ነው ያደገው። በ1962 ያወጣው በጣም የታወቀው ሙዚቃም «ሚሲርሉ» የተባለ የቆየ የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዜማ ነው።

አሁን ያንተ አልበም። የማን እንደሆነ ከፋይል ቁጥር መናገር አልችልም። ግን ሦስቱን ማዋሃድ በሮካቢሊ ሰዎች ዘንድ የታወቀ መንገድ ነው። ሬቨረንድ ሆርተን ሂት በሚል ስም የሚጫወተው የቴክሳሱ ጂም ሂዝ የ1994 አልበሙን የከፈተው ድምፃዊ በሌለበት የጊታር ሙዚቃ ነው። በ1980ዎቹ ሮካቢሊን እንደገና ያነሣው ብራያን ሴትዘርም ብሉዝና ጃዝ እያስገባ ነው የሚጫወተው።

አንድ አልበም ዝብርቅርቅ መሆን አለመሆኑን የምለይበት የራሴ ዘዴ አለኝ። ጊታሩን ትቼ ቤዙን ብቻ እሰማለሁ። አንተም ሞክረው። የጆሮ ማዳመጫ አድርግና የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ዘፈን ተራ በተራ አጫውት። ቤዙና ድራሙ በሦስቱም ላይ የአንድ ቡድን እጅ ከሆኑ፣ ተመሳሳይ የክር ጥፊ፣ ተመሳሳይ አረማመድ ካላቸው፣ አልበሙ አንድ ነው። ጊታሩ ልብስ ቢቀያይር ችግር የለውም። ቤዙም በየዘፈኑ ሌላ ሰው ከመሰለ ግን ጓደኞችህ ትንሽ እውነት አላቸው። እኔን የሚያስከፋኝ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ሙዚቀኛ ሰርፍ ሲጫወት ሁሉንም ነገር፣ ድራሙን ሳይቀር፣ በሪቨርብ፣ ማለትም ድምፁን እያስተጋባ በሚያስረዝመው ነገር፣ ያሰጥመዋል። ያኔ ፍጥነቱ ይጠፋል። ሪቨርቡ የጊታሩ ነው፤ ቤዙ ደረቅ መሆን አለበት።

ደግሞስ መቀላቀልን ማን ነውር አደረገው? በ1975 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ»ን አዳምጥ። የኤሌክትሪክ ጊታሩም፣ ቤዙም፣ የእኛው ቅኝትም አንድ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ሲሰማ የሚሰለች ነገር የለውም። የባንዱን ጊታሪስት የሰላም ሥዩምን ጊታር ለብቻው ለይተህ ስማው፤ ብዙ ትማርበታለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ክራር ተጫዋች ነኝ፤ ጉዱማሌ አካባቢ በዓል ሲኖር እጫወታለሁ። ብሉዝ በስልኬ ስሰማ ባቲ ባቲ ይለኛል። ለጓደኛዬ ስነግረው ሳቀብኝ። ጆሮዬ ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ጆሮህ አልተሳሳተም። ይህን ጥያቄ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ፤ በጣም የምወደው ርዕስ ነው።

ማይነር ባቲን ከላ ላይ ብትጀምረው ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ብሉዝ ጊታሪስት ሶሎ ሲጫወት በመጀመሪያ የሚይዛቸው አምስት ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ብሉዘኛው ክሩን በጣቱ ገፍቶ በሬና በሚ መካከል ያለውን ድምፅ ያስለቅሰዋል። ክራር ላይ ክሩ ተቃኝቶ ስለሚቀመጥ ያንን ማድረግ ይከብዳል። ማሲንቆ ላይ ግን ይሆናል። ማሲንቆ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ የብረት መስመር (ፍሬት) የለውም፤ ጣት እንደ ልብ ይንሸራተታል። ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ ካለህ ቀስ ያለ ብሉዝ አስከፍተህ ከላዩ ላይ እንዲጫወት ጠይቀው። ምን ለማለት እንደፈለግኩ ያኔ ይገባሃል።

የሮካቢሊው የገጠር ጎን ደግሞ ወደ ሜጀር ትዝታ ያደላል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ስኮቲ ሙር ያንን የደስ ደስ ያለውን ድምፅ ከብሉዙ ጋር እያፈራረቀ ነው የሚጫወተው። ጊታርም የምትሞክር ከሆነ ቀላል ነው። በላ ኪይ ሲሆን ማይነሩን ባቲ አምስተኛው ፍሬት ላይ ያዝ። ያንኑ የጣት ቅርፅ ሳትቀይር ወደ ሁለተኛው ፍሬት ውሰደው። በዚያው ኪይ ሜጀር ትዝታ ይሆንልሃል። በሁለቱ መካከል እየተመላለስክ ስትጫወት ግማሽ ሮካቢሊ ውስጥ ገብተሃል ማለት ነው።

በጣም የሚገርመኝ ግን ሰርፉ ነው። የ«ሚሲርሉ» ስኬል ከሚ ሲጀምር ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ ሻርፕ ነው። ሰባት ድምፅ። ከነዚህ ውስጥ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶን ብቻ ነጥለህ ምታ። አምባሰል ነው! ቀጥለህ ሚ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ሻርፕን ምታ። ሜጀር ባቲ ነው። ሁለቱ ቅኝቶቻችን በአንድ የካሊፎርኒያ ሙዚቃ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። የካሊፎርኒያ ሰዎች ቀጥታ ከእኛ ወሰዱ ማለቴ አይደለም። ዜማው የመጣው ከሜዲትራኒያን ምሥራቅ ነው። ደግሞ ቅኝት የድምፅ ዝርዝር ብቻ አይደለም። አካሄድ አለው፣ ማረፊያ አለው፣ ጌጥ አለው። ግን የእኛ ልጅ ሰርፍ ሲሰማ ልቡ ቶሎ የሚከፈትለት ለምን እንደሆነ ይሄ ይነግርሃል።

ጓደኛህን ጥራውና ክራሩን በአምባሰል ቃኝተህ፣ ጣትህን ሳታሳርፍ ፈጠን አድርገህ ምታለት። ከዚያ ይሳቅ።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወት ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ሁለት ሮካቢሊ ዘፈን ልንጨምር አስበን ነበር። ያ የጥፊ ድምፅ ግን በኤሌክትሪክ ቤዝ አልመጣ አለኝ። ደብል ቤዝ ደግሞ የለንም። እንግዳውስ ይደንስበት ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብል ቤዝ ፍለጋ አትድከም። ቢል ብላክ ክሩን እየሳበ ከጣውላው ጋር ያላጋው የነበረው ድራም ስላልነበራቸው ነው። ቤዙ የድራሙንም ሥራ ይሠራ ነበር። እናንተ ድራመር አላችሁ። ስለዚህ ጥፊውን ለድራመሩ ስጠው። ስኔሩን ወይም ጠርዙን በትንሹ፣ በእያንዳንዱ ምት መሃል ይንካው።

አንተ ደግሞ የድምፁን ርዝመት አሳጥረው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ከክሮቹ ሥር፣ ብሪጁ አጠገብ ሸጉጥ። ድምፁ «ዱም» ብሎ ወዲያው ይሞታል። ትሬብሉን ዝጋው። በአውራ ጣት ሥጋ ምታ እንጂ በጥፍር አይሁን። የኮርዱን ሥር ድምፅና አምስተኛውን እያፈራረቅክ ሂድ። ሌላ ጌጥ አትጨምር። ፈጣን የሆነ ሁሉ የሚያምር ይመስላችኋል፤ እዚህ ላይ ግን እርጋታ ነው የሚያምረው።

ስለ ዳንሱ አትስጋ። የሮካቢሊም የብሉዝም ሸፍል እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል። ችክችካም ለሦስት ነው የሚከፍለው። ሁለት የችክችካ ባር በአንድ የሸፍል ባር ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ስለዚህ ሕዝቡ በችክችካ እየጨፈረ እያለ ሳታቆሙ ወደ ሸፍሉ ተሻገሩ። ድራመሩ ሃይሃቱን ሳይቀይር አንተ ብቻ ቤዙን ቀይር። ትከሻው አይቆምም። ሰርፉን ግን ለዚህ ሰዓት አታምጡት። የሰርፍ ምት ቀጥ ያለ ነው፤ ከችክችካ ስትሻገሩበት እግር ይሰናከላል። እሱን እራት ላይ፣ ሰው ቁጭ ባለበት አጫውቱት።

ጥያቄ፦ ሚክሰራችን ላይ ኢኮም ሪቨርብም አለ። የሮካቢሊው የትኛው ነው፣ የሰርፉስ?

መልስ፦ የሮካቢሊው ኢኮ ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ የሚመልስ። ሳም ፊሊፕስ ድምፁን በሁለት የቴፕ መቅረጫ እያዞረ ነው ያንን ያገኘው። ቴፑ ከመቅረጫው ጭንቅላት ወደ ማጫወቻው እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል። ያቺ መዘግየት ናት ጥፊ የምትመስለው። ሚክሰርህ ላይ ጊዜውን ከ100 እስከ 130 ሚሊሰከንድ አድርገው። ድግግሞሹን ወደ ዜሮ አውርደው። መጠኑን ከዋናው ድምፅ ዝቅ አድርገው። ለድምፃዊውም ለጊታሩም ይሆናል።

የሰርፉ ሪቨርብ ነው፤ የስፕሪንግ የሚባለው። ድምፁ ብረት ሳጥን ውስጥ በተወጠሩ ስፕሪንጎች ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ያልፋል። ነገሩ መጀመሪያ ለሐሞንድ ኦርጋን ነው የተሠራው። ፌንደር ለብቻው የሚሰካ የሪቨርብ ሳጥን ያወጣው በ1961 ነው። ዲክ ዴልም መጀመሪያ የፈለገው ለሚዘፍንበት ድምፁ እንጂ ለጊታሩ አልነበረም። ሚክሰርህ ስፕሪንግ የሚል ምርጫ ካለው እሱን ምረጥ። ከሌለው «ሆል»ን ተወውና «ፕሌት»ን ሞክር፤ «ሆል» ብዙ ያጨልመዋል። ስልክ ላይ ያሉ የጊታር አፖችም ስፕሪንግ አላቸው። መብራት በጠፋ ጊዜ ለልምምድ እነሱ ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ አቶቴ ነው የምንኖረው። ወንድሜ የሮካቢሊ ሙዚቃ ያዳምጣል። ጊታሩን ስነካበት «ይሄ የወንድ ሙዚቃ ነው» ይለኛል። ሴት የተጫወተችው የለም? ደግሞ ክሩ ጣቴን በጣም ያመኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ አሉ እንጂ። ወንድምሽን ሮዜታ ታርፕን እንዲያዳምጥ ንገሪው። ከአርካንሳስ የወጣች የመዝሙር ዘማሪ ናት። ኤልቪስ ገና ልጅ እያለ፣ በ1940ዎቹ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ መዝሙር ትዘምር ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የሮክ ወንዶች ከእሷ ተምረዋል። ከዚያ ቀጥሎ ዋንዳ ጃክሰንን ያዳምጥ። በ1937 የተወለደች የኦክላሆማ ልጅ ናት፤ የሮካቢሊ ንግሥት ይሏታል። ድምፅዋ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ስል ነው። በ2009 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ ገብታለች። እኛም አገር አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ ስትቀመጥ ወንዱም ሴቱም ዝም ብሎ ነበር የሚያዳምጣት። ጊታር ጾታ አይለይም። ይሄን የምለው አንቺን ለማጽናናት አይደለም፤ እኔ ጋ ከሚማሩት ልጆች ምቱን ቀድመው የሚይዙት ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ናቸው።

ስለ ጣትሽ። የወንድምሽ ጊታር ምናልባት ወፍራም ክር ይኖረዋል። ዲክ ዴል ወፍራም ክር ነበር የሚጠቀመው፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ኤሌክትሪክ ከሆነ ቀጭኑ ክር 9 የሆነውን ስብስብ ጠይቂ፤ አኩስቲክ ከሆነ 10ን። ክሩ ከአንገቱ በጣም ከፍ ብሎ እንደሆነም ጊታር የሚጠግን ሰው ዝቅ ያድርግልሽ፤ ሕመሙ ግማሽ የሚሆነው ከዚያ ነው። በቀን ሩብ ሰዓት ብቻ ተጫወቺ፤ ሲያቃጥልሽ አቁሚ፣ በማግሥቱ ቀጥዪ። መጀመሪያ ሚ፣ ላ እና ሲ ሰባት ኮርዶችን ያዢ። በእነዚህ ሦስት ኮርዶች ባለ 12 ባሩን ብሉዝ ከዳር እስከ ዳር መጫወት ይቻላል፤ ብዙው ሮካቢሊም ከእነሱ አይወጣም። ወንድምሽ ቤዙን ይያዝልሽ።